ልጁ «ራንክ» ሲወጣ ቤቱ እንዳይወርድ



የዛሬው ጉዳያችን ከደም ግፊትና ከስኳር ትንሽ ራቅ ይላል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» ብለው የሚያስቆሙኝ እናቶችና አያቶች ቀድሞ የሚጠይቁኝ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ጨጓራና ስለ ሕፃን ትኩሳት ነበር። አሁን አሁን ስለ ስልክ የሚጠይቁኝ በዝተዋል። ጥያቄያቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ልጄ ‹ራንክ ልወጣ ነው› እያለ ሌሊቱን ስልክ ላይ አፍጦ ያድራል። ጠዋት ለትምህርት አይነሣም። ስቆጣው መልሶ ይቆጣኛል። ምን ልስጠው?»

ለዚህ የሚሰጥ ኪኒን የለም። በሙያችን ግን አንድ ደንብ አለ፤ ከመድኃኒት በፊት ምርመራ ይቀድማል። ልጁ ምን እያደረገ እንደሆነ ሳያውቁ ስልኩን መንጠቅ፣ በሽተኛውን ሳይጠይቁ መርፌ እንደ መውጋት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጨዋታውን እንወቅ፤ ቀጥለን «ራንክ» የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ እንይ፤ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻል እንነጋገር።

ጨዋታው ምንድን ነው?

በአገራችን ወጣቶች እጅ ላይ በብዛት ከሚገኙት አንዱ «ፐብጂ ሞባይል» ነው። ለስልክ የተሠራው ጨዋታ ለዓለም የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ለማያውቁት አያቶች እንዲህ ልንገራችሁ። እስከ 100 የሚደርሱ ተጫዋቾች በአንድ አውሮፕላን ተጭነው ሰው አልባ ደሴት ላይ በጃንጥላ ይወርዳሉ። ከደሴቶቹ በጣም የታወቀው ኤራንጌል የሚባለው ሲሆን ስፋቱ ስምንት ኪሎ ሜትር በስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ሲወርዱ ባዶ እጃቸውን ናቸው። በየቤቱ እየገቡ መሣሪያ፣ ጥይት መከላከያና መድኃኒት ይሰበስባሉ። ደኅና የሚሆኑበት ክብ እየጠበበ ይሄዳል፤ ከክቡ ውጭ የቀረ ጉልበቱ እያለቀ ይሞታል። መጨረሻ ላይ የቆመው ቡድን ያሸንፋል።

በብዛት የሚጫወቱት አራት አራት ሆነው ነው፤ «ስኳድ» ይሉታል። አራቱ በማይክሮፎን ይነጋገራሉ። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ዓረብ አገር፣ አንዱ እኛ ሳሎን ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንዱ ተመቶ ሲወድቅ ወዲያው አይሞትም፤ በእንብርክኩ እየሄደ ደሙ ይፈሳል። ጓደኛው አጠገቡ ደርሶ ለአሥር ሰከንድ ያህል ከደገፈው ይነሣል። ፋሻ አለ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን አለ፣ ሙሉ ጤና የሚመልስ ትልቅ የሕክምና ሳጥንም አለ። የልጅ ልጄ ይህን ሲያሳየኝ «እኛ በጥይት የቆሰለ ሰው ስንት ቀን ስናስታምም ኖረናል፤ እናንተ በፋሻ በሰከንድ ታድኑታላችሁ» ብዬው ሁለታችንም ስቀናል።

እዚህ ላይ ወላጅ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይህ ጨዋታ መሐል ላይ አይቆምም። ፊልም ቢሆን ይቆማል፤ የጥንቱ የፕሌይስቴሽን ጨዋታም ብዙውን ጊዜ ይቆማል። ይህ ግን 99 ሌሎች ሰዎች ያሉበት ነው። አንድ ዙር እስከ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። እናት «ና እራት ቀርቧል» ስትል ልጁ «አምስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ» የሚለው ሁልጊዜ ንቀት አድርጎ አይደለም። ጥሎ ቢሄድ ሦስት ጓደኞቹ ይጎዳሉ፤ የእሱም ነጥብ ይቀነሳል። ይህን ያወቀች እናት ጠቡን በግማሽ ትቀንሳለች።

«ራንክ» ማለት መሰላል ነው

ተጫዋቹ በእያንዳንዱ ዙር ነጥብ ያገኛል ወይም ያጣል። በነጥቡ ልክ ደረጃ ይሰጠዋል። ከታች ብሮንዝ ይጀምራል፤ ከዚያ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም፣ ዳይመንድ፣ ክራውን፣ ኤስ እያለ ይወጣል። እያንዳንዱ ደረጃ 500 ነጥብ ስፋት አለው፤ በውስጡም አምስት አምስት እርከን አለ። ብሮንዝ ከ1200 ነጥብ ይነሣል፤ ኤስ የሚባለው 4200 ላይ ነው። ከሁሉም በላይ «ኮንከረር» አለ፤ እሱን የሚያገኙት በአንድ ሰርቨር ላይ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው 500 ተጫዋቾች ብቻ ናቸው። ወቅቱ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም ወደ ታች ይንሸራተትና እንደገና መውጣት ይጀመራል። ማለቂያ የለውም። የጨዋታው ሠሪዎች ልጁ በየጊዜው እንዲመለስ ያሰቡት በዚህ ነው።

መሰላል ግን ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራም ሆነ ዲማ ጊዮርጊስ የገባ ተማሪ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በዚህ መንገድ ካለፉት አንዱ ናቸው። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና ላይ ቢቆይ ማንም አያፍርበትም፤ መምህሩ ስሕተቱን እየነገረው፣ ብቻውን ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ እየቆጠረ፣ ነገ ደግሞ ይሞክራል። ልዩነቱ የስልኩ መሰላል መምህር የሌለው መሆኑ ነው። ልጁ ለምን እንደወደቀ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ያገኘው መልስ «ሌላ ዙር» ሆነ።

እኛ ቤት የሆነው

የልጅ ልጄ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ጨዋታውን የጀመረው ከአክስቱ ልጅና ከሁለት የክፍል ጓደኞቹ ጋር ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለአንድ ዓመት ያህልም እንደተቋረጠ ቆየ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንደኛው ጓደኛው ከቤተሰቡ ጋር አዲስ አበባ ገባ። የአክስቱ ልጅም እዚያው ነው። ኢንተርኔት ሲመለስ እነዚያ ዳይመንድና ክራውን ደርሰዋል፤ የእኛው ልጅ ሲልቨር ላይ ቀርቷል። እኛ ስልክ ላይ መጣድ ብለን የምናየው፣ ለእሱ ጓደኞቹን ማግኛ መንገድ ነበር። «እማማ፣ እነሱ ጋ ካልደረስኩ አብረውኝ አይጫወቱም፤ ሸክም ነው የምሆንባቸው» አለኝ አንድ ቀን። ይህን ለአባቱ አልነገረውም።

አባቱ የሚያየው ሌላ ነው። በአካባቢያችን እውነተኛ የተኩስ ድምፅ ሰምተን ያደርን ሰዎች ነን። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከልጁ ክፍል የመትረየስ ድምፅ ሲወጣ እናቱ ከአልጋዋ ደንግጣ ትነሣለች። ይህን እንደ ቀልድ አትዩት። እንዲህ ያለ ጊዜ ያሳለፈ ሰው አካሉ ድምፁን ከስልክ ይሁን ከጎዳና ለይቶ አይጠብቅም፤ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ተመልሶ አይተኛም። ልጄም በአንድ ሌሊት ተናዶ ስልኩን ወሰደበት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ያሳሰበኝ። ልጁ አባቱን ሰላም ማለት አቆመ። እራት ላይ አይቀርብም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አመሻሽ ላይ ዋይፋይ ወዳለው ጓደኛው ቤት መሄድ ጀመረ። በዚህ ወቅት ልጅ ሲመሽ ውጭ መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ስልኩ የተወሰደው ልጁ ጤና እንዲሆን ነበር፤ ልጁ ግን ቤት ውስጥ ካለው አደጋ ወደ ውጭው አደጋ ወጣ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረሙ።

እኔ ሁለቱንም ለየብቻ ጠራኋቸው። ልጄን «ስልኩን መልስለት አልልህም፤ ግን እንዴት እንደሚመለስ አብረን እንጻፍ» አልኩት። የልጅ ልጄን ደግሞ «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ዳኛም ነኝ። መጀመሪያ ግን ለምን ታች እንደቀረህ አሳየኝ» አልኩት። ሁለት ቅዳሜ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ። ወረቀት ይዤ እንደ ሕሙማን መከታተያ ቻርት ጻፍኩ፦ በስንት ሰዓት ጀመረ፣ በምን ሞተ፣ ከማን ጋር ነበር፣ ከዚያ ዙር በፊት አሸንፎ ነበር ወይስ ተሸንፎ።

ታች የሚያስቀሩ አራት ነገሮች

ቻርቱ ያሳየን ይህን ነው። አብዛኛው ለየትኛውም የቡድን ጨዋታ ይሠራልና ልጆቻችሁ ሌላ ጨዋታ የሚጫወቱ ቢሆንም ተጠቀሙበት።

አንደኛ፣ ለመግደል መቸኮል። ልጁ በጃንጥላ ሲወርድ ሰው ወደሚበዛበት ከተማ ይወርዳል፤ ሁለትና ሦስት ሰው ይመታል፤ በአምስተኛው ደቂቃ ይሞታል። በዚህ ጨዋታ ግን ለነጥቡ ትልቁን ድርሻ የሚሰጠው እስከ መጨረሻው መቆየት ነው። በመጀመሪያ የሞተ ሰው ብዙ ቢመታም ብዙ ጊዜ ነጥብ ያጣል። ደግሞ ልብ በሉ፤ በታችኞቹ ደረጃዎች ከሚመቱት ውስጥ ብዙዎቹ ሰዎች አይደሉም፤ ቦታ እንዲሞሉ ኮምፒውተሩ የሚያስገባቸው ናቸው። ልጁ እነሱን መትቶ ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል፤ አንድ ደረጃ ሲወጣ እውነተኛ ሰው ይገጥመውና ይደነግጣል።

ሁለተኛ፣ በየዙሩ ከማያውቁት ሰው ጋር መሰለፍ። አራት እንግዶች አራት አቅጣጫ ይሮጣሉ። አንዱ ሲወድቅ የሚያነሣው የለም። ከዚያ በማይክሮፎን ስድብ ይጀመራል። የልጅ ልጄ ቻርት ላይ የሞተባቸው ዙሮች አብዛኞቹ ብቻውን ርቆ የሄደባቸው ነበሩ። በጤና ጣቢያ ሥራችን ወላድ ስትመጣ አንዷ ደም ግፊት ትለካለች፣ አንዷ መሣሪያ ታዘጋጃለች፣ አንዷ የቤተሰቡን ታሪክ ትጠይቃለች። ሁሉም አዋላጅ ልሁን ቢል እናቲቱ ትጎዳለች። ልጆቹም እንዲሁ ሥራ ቢከፋፈሉ ይሻላል፤ አንዱ ይመራል፣ አንዱ ከሩቅ ያያል፣ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ መድኃኒቱን ይካፈላሉ። ንግግራቸውም አጭር ይሁን፦ «ሰሜን፣ ሁለት ሰው፣ ቀዩ ቤት»። የእኛ የተረኛ ርክክብ እንዲህ ነበር፤ የአልጋ ቁጥር፣ ችግሩ፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ የቀረው ሥራ።

ሦስተኛ፣ ተናድዶ መቀጠል። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ቻርቱ ላይ ሁለት ዙር በተከታታይ ከተሸነፈ በኋላ የተጫወታቸው ዙሮች ከሞላ ጎደል በሙሉ ሽንፈት ነበሩ። ሰው ሲናደድ አድሬናሊን ይለቀቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ዓይን የሚያየው ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ይሆናል። ለመሮጥና ለመታገል ይጠቅማል፤ ለማሰብ ግን አይመችም። ሳምንት ሙሉ ያጠራቀመውን ነጥብ በአንድ ሌሊት የሚያጣው እንዲህ ነው። ያጣውን ለማስመለስ ሲል ይቆያል፤ በቆየ ቁጥር የበለጠ ያጣል። ቁማር የሚጫወቱ ሰዎችን ያየ ይህን ያውቀዋል።

አራተኛ፣ እንቅልፍ ማጣት። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ቀን የተማርነው በአእምሮ ውስጥ ቦታ ቦታውን የሚይዘው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ይህ ለሒሳብ ትምህርትም ለጨዋታውም ይሠራል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚጫወት ልጅ እጁ ይዘገያል፣ ውሳኔው ይሳሳታል፣ ቶሎ ይናደዳል። ስለዚህ «ተኛ፣ ትምህርት አለብህ» ከማለት ይልቅ «ተኛ፣ እንቅልፍ ያጣ ተጫዋች ራንክ አይወጣም» ብትሉት ጆሮውን ይሰጣችኋል። ሁለቱም እውነት ነው።

በዚህ ላይ የእኛ አገር ኔትወርክ አለ። ሰርቨሩ ያለው ሩቅ አገር ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ልጁ ሳያጠፋ የሚሸነፍበት ዙር ይኖራል። ይህን ማመን ያስፈልጋል፤ ግን ለሁሉም ሽንፈት ምክንያት እንዳይሆንም መጠንቀቅ ነው። እኛ ቻርቱ ላይ «በኔትወርክ» የሚል ዓምድ አበጅተን ነበር። ልጁ ራሱ ሲቆጥረው ካሰበው አነሰበት።

የተፈራረምነው ስምምነት

ሦስታችን ተቀምጠን በአንድ ወረቀት ጻፍን። ለእናንተም ይጠቅም እንደሆነ እነሆ።

ጊዜው በደቂቃ አይቆጠርም፤ በዙር ይቆጠራል። በትምህርት ቀን ከጥናት በኋላ ሁለት ዙር፣ ቅዳሜ አራት ዙር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከቤተሰብ ጋር ነው፤ ስልክ የለም። የተጀመረ ዙር ይጨረሳል፤ ማንም መሐል ላይ አይነጥቅም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን አዲስ ዙር አይጀመርም። በዚህ ልጁ 4 ሰዓት ላይ ይተኛል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ሲነሣ ስምንት ሰዓት ተኝቷል።

ሁለት ዙር በተከታታይ ከተሸነፈ የቀረው ለነገ ይተላለፋል። ይህን አንቀጽ የጻፈው ልጁ ራሱ ነው፤ ቻርቱን አይቶ።

ስልኩ ሌሊት ሳሎን ውስጥ ቻርጅ ይደረጋል። የሁላችንም ስልክ፣ የአባቱም ጭምር። አባት አልጋው ላይ ፌስቡክ እያየ ልጁን ተኛ ቢለው አይሰማም።

ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይሆናል፤ መጠኑም መካከለኛ። ለእናቱ ሲባል ነው፤ ለምን እንደሆነም ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳያስታውሰው ያደርገዋል።

አባት በሳምንት አንድ ዙር አጠገቡ ተቀምጦ ያያል። አይመክርም፣ አይተችም፣ ያያል ብቻ። ልጄ በዚህ ላይ ብዙ አንገራግሯል። አሁንም ጨዋታውን አይወደውም። ነገር ግን አንድ ቅዳሜ ከኩሽና ስመለስ «ከኋላህ ነው፣ ከኋላህ!» ብሎ ሲጮኽ ሰማሁት።

ውጤቱስ? ወቅቱ እስኪያልቅ ልጁ ከሲልቨር ተነሥቶ ፕላቲነም ገባ። 1000 ነጥብ ማለት ነው። ከቀድሞው ባነሰ ሰዓት ተጫውቶ ነው ያገኘው። ክራውን አልደረሰም፤ ግን የአክስቱ ልጅና አዲስ አበባ ያለው ጓደኛው ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውት መሰለፍ ጀምረዋል። የሒሳብ ውጤቱ ገና አልተሻሻለም። ጠዋት ግን ይነሣል፤ ሲመሽ ቤት ነው፤ አባቱንም ሰላም ይላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

መቼ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው?

እዚህ ላይ የጤና ባለሙያነቴን ልመልስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ መዝገቡ ላይ ከጨዋታ ጋር የተያያዘ የጤና እክልን አስፍሯል። ብዙ የሚጫወት ሁሉ ታማሚ ነው ማለት ግን አይደለም። የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። ልጁ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም ራሱን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ጨዋታው ከምግብ፣ ከትምህርት፣ ከጓደኛና ከሌላ ደስታ ሁሉ ይቀድማል፤ ጉዳት እየደረሰበት እንኳ ይቀጥላል ወይም ይብሰዋል። ይህም ሕይወቱን በግልጽ የሚያበላሽና በአብዛኛው 12 ወር ያህል የቆየ መሆን አለበት።

ልጃችሁ ትምህርት ካቆመ፣ ሰውነቱን መታጠብና መብላት ከተወ፣ ገንዘብ ከቤት መውሰድ ከጀመረ፣ ጨዋታውን ሲያጣ ራሱን ወይም ሰውን እጎዳለሁ ካለ አንድ ዓመት አትጠብቁ። ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ውሰዱት። አንዳንዴ ጨዋታው ምልክት ነው፤ ከሥሩ ድባቴ፣ ጭንቀት ወይም ያየው አስደንጋጭ ነገር ይኖራል። ብዙ ልጆቻችን ባለፉት ዓመታት ያዩትን አይተዋል። ለሚያየው ሐኪም ይህንንም ንገሩት።

ሌሎች ጥቂት ማሳሰቢያዎች

ጨዋታው በአውሮፓ የዕድሜ ምደባ ከ16 ዓመት በታች ላሉ አይመከርም። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ታላቅ ወንድሙ ስላለው ብቻ እንዲጫወት አትተዉት። ከአምስት ዓመት በታች ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የበለጠ ጥብቅ ነው፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። እንጀራ እስኪጋገር ስልክ ሰጥተን የምናስቀምጣቸውን ሕፃናት ይመለከታል።

ጨዋታው በነጻ ይጫናል፤ ውስጡ ግን ልብስና የመሣሪያ ጌጥ በገንዘብ ይሸጣል። እነዚህ ጌጦች ናቸው፤ ራንክ አያወጡም። ልጁ ይህን ቢያውቅም ጓደኛው ለብሶ ሲያይ ያምረዋል። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁን ልጅ እንዲያውቅ አታድርጉ። «ራንክ አወጣልሃለሁ፣ አካውንትህን ስጠኝ» ለሚልም ገንዘብ መክፈልም ሆነ የይለፍ ቃል መስጠት ክልክል ይሁን። በማይክሮፎን የሚያገኙት እንግዳ ስምና አድራሻ ቢጠይቅ አይመለስም፤ የሚሳደብ ካለ ድምፁን መዝጋት ይቻላል፤ ልጁ እንዴት እንደሚዘጋ ያሳያችሁ።

ለዓይን ደግሞ በየ20 ደቂቃው ስድስት ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት ነው። በዙርና በዙር መካከል በር ላይ ወጥቶ ተራራ ማየት በእኛ አገር አያስቸግርም። አንገቱን አቀርቅሮ ከመጫወት ስልኩን ከፍ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

በመጨረሻም፣ ሙሉ በሙሉ ልከልክል ለምትሉ አንድ ነገር ልበል። ይህን ጨዋታ መንግሥታት ጭምር ከልክለውታል፤ ኢራቅ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ሕንድ በ2020 በየራሳቸው ምክንያት አግደውታል። ቻይና በ2021 ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆች በኢንተርኔት ጨዋታ እንዲጫወቱ የፈቀደችው ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በበዓላት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ቤተሰብም ሊከለክል ይችላል፤ መብቱ ነው። ግን ከመከልከላችሁ በፊት ልጁ እዚያ ውስጥ ማንን እንደሚያገኝ ጠይቁ። ጓደኞቹን የሚያገኝበት ከሆነ፣ ስልኩን ስትወስዱ ጓደኞቹን የሚያገኝበት ሌላ በር አብራችሁ ክፈቱ። ኳስ ይሁን፣ ገና ይሁን፣ ቅዳሜ ቤታችሁ ቡና ይሁን።

በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። አንድ ዙር አጠገቡ ተቀመጡና «ይህ ማን ነው? አሁን ለምን ወደዚህ ሄድክ?» ብላችሁ ጠይቁት። ግማሽ ሰዓት ነው። መልሱን ስታገኙ ስለ እንቅልፍ የምትናገሩትን ይሰማችኋል።

እስከ ሳምንት ቸር ያሰንብተን።